ከግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰይፍ

በጎንደር ከተማም ሆነ ወደ ወገራ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚያወጣው ደጋ ላይ ካሉት የቆዩ ቤቶች ወደ አንዱ ብትገቡ፣ ከምሰሶው ወይም ከግድግዳው ላይ ሰገባው የተሰነጠቀ አንድ አሮጌ ጎራዴ ተሰቅሎ ታገኙ ይሆናል። የቤቱን ጌታ «ይህ የማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «የአያቴ ነው» ብሎ በኩራት ይመልስላችኋል። «አያትዎ ከየት አገኙት? ብረቱስ የት ሀገር ተሠራ? በየትኛው ጦርነት ተያዘ?» ብላችሁ ጥያቄውን ስታስረዝሙት ግን መልሱ እያጠረ ይሄዳል። ከናንተም መካከል በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ፣ ከአባቱ ቤት ያመጣውን ሰይፍ ከእንግዳ መቀበያው ክፍል የሰቀለ ሰው እንዳለ አልጠራጠርም። በመሥሪያ ቤታችን ያለውን ወንበርና ጠረጴዛ ቍጥር ሰጥተን በንብረት መዝገብ እናሰፍራለን፤ የአያታችንን ሰይፍ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍንለትም።

ነገሩን ከሩቅ እንድጀምር ይፈቀድልኝ። አሜሪካኖች የጥንት የጦር ሰይፍ መሰብሰብን ከቁም ነገር የቈጠሩ ሕዝቦች ናቸው። ሀገራቸው ከ1853 እስከ 1857 ዓ.ም. እርስ በርሱ በተዋጋ ጊዜ በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰይፍ ተሠርቶ ነበርና፣ ከጦርነቱ በኋላ ይህ ሁሉ ብረት በየጐተራውና በየሰገነቱ ተበተነ። የልጅ ልጆቹ ሰይፉን እየፈለጉ፣ እያነጻጸሩና እየጻፉ ዛሬ ከአንድ ጎራዴ ላይ ብዙ ታሪክ ለማንበብ የሚያስችል ዕውቀት አከማቹ። በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እናገራለሁ፤ የአሜሪካን ሰይፎች ግን ሰብሳቢዎቹ በአውሮፓ ዓመት ስለሚጠሯቸው ስማቸውን አልለውጥባቸውም።

የ1840 ሞዴል የሚባለው የፈረሰኛ ጎራዴ ከባድና ጎባጣ ነው። ስለቱ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክብደቱም ወታደሩን ስላስቸገረው «የእጅ አንጓ ሰባሪ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ከዚህ በኋላ ቀለል ብሎ የተሠራው የ1860 ሞዴል ነው። የመጨረሻው ደግሞ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነው ጆርጅ ፓተን ገና ሻለቃነት ሳይደርስ በመቶ አለቅነቱ ዘመን የነደፈው የ1913 ሞዴል ነው፤ እርሱም እንደ ቀደሙት ጎባጣ ሳይሆን ለመውጋት የታሰበ ቀጥ ያለ ሰይፍ ነበር። የአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር ጎራዴን ፈጽሞ የተወው በ1926 ዓ.ም. ነው።

ሰብሳቢው ሰይፉን ከእጁ ሲያስገባ አስቀድሞ የሚመለከተው ከእጀታው ሥር ያለውን የስለቱን መነሻ ነው። እዚያ ላይ የሠሪው ስም፣ የመንግሥቱ ምልክት የሆኑት ሁለት ፊደሎች፣ የተሠራበት ዓመትና ሰይፉን መርምሮ የተቀበለው ሹም የስሙ መነሻ ፊደሎች ተመትተው ይገኛሉ። መንግሥት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መርማሪ ልኮ እያንዳንዱን ሰይፍ ያስፈትን ነበርና። እንግዲህ የንብረት ሹም ለሒሳብ ሲል ያስመታው ያ ትንሽ ማኅተም፣ መቶ ስድሳ ዓመት ቆይቶ የታሪክ ምስክር ሆነ ማለት ነው። እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ ደስ ቢለን የሚያስነቅፈን አይመስለኝም።

ከነዚህ ሰይፎች የብዙዎቹ ስለት የተሠራው በአሜሪካ ምድር አይደለም። በማሳቹሴትስ ግዛት ቺኮፒ በተባለው ከተማ የነበረው የኤምስ ፋብሪካ ብዙ ሠርቷል፤ ነገር ግን የ1840 ሞዴል መጀመሪያ የታዘዘው ከጀርመን ሀገር ከዞሊንገን ከተማ ነው። በእርስ በርሱ ጦርነትም ጊዜ ከዚያው ከተማ በብዙ ሣጥን ተጭኖ መጥቷል። ዞሊንገን በራይን ወንዝ አቅራቢያ ያለች፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በስለት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ዛሬም በየወጥ ቤታችን ካለው ቢላዋና ከየጸጉር አስተካካዩ መቀስ ላይ ስሟ ይነበባል።

ይህችን ከተማ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን ጎራዴ ከሰገባው ስባችሁ ወደ ብርሃን ብታቀርቡት፣ በብዙዎቹ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳና «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሕፈት ተቀርጾ ታያላችሁ። ዝገቱ ፈቅዶላችሁ ወደ እጀታው ቀረብ ብላችሁ ብትመረምሩ ደግሞ የዚያችኑ የጀርመን ከተማ ስም ልታገኙ ትችላላችሁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ የአውሮፓ ነጋዴዎች ለኢትዮጵያ ገበያ ብለው ስለቱን በዞሊንገን እያሠሩ፣ አንበሳውንና የአማርኛውን ፊደል እያስቀረጹ በጅቡቲ በኩል ያስገቡ ነበር። እጀታውና ሰገባው ግን የሚሠራው በሀገር ቤት ባለ እጅ ነው። ስለዚህ የፔንሲልቫኒያ ፈረሰኛ የታጠቀውና የጎንደር ባላባት የታጠቀው ጎራዴ በአንድ ከተማ እሳት የተወለዱ ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ስል ግን ሰይፋችን ሁሉ የውጭ ሀገር ዕቃ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከዞሊንገን ሣጥን እጅግ አስቀድሞ የራሳችን መሣሪያ ነበረን። ከሁሉ ይልቅ የባዕድ ሀገር ሰብሳቢ የሚጐመዥለት ሾተል ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የጐበጠ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ሲሆን፣ ጉብጠቱም ለጌጥ አይደለም፤ ባላጋራ ጋሻውን ከፊቱ ሲመክት የሾተሉ ጫፍ ጋሻውን ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው እንዲያገኝ ተብሎ ነው። ሰይፍ የምንለው ቀጥ ያለውና ሁለት ስለት ያለው ነው። ጎራዴ ደግሞ ደንደስ ያለው፣ በአንድ ወገን የሚቈርጠው ነው፤ ምንም እንኳ በዕለት ንግግራችን ሦስቱን ስም እያቀላቀልን ብንጠራቸው፣ ለሚመዘግብ ሰው ልዩነታቸው ሊጠፋው አይገባም።

ሌላም የውጭ ሰው ሲያየው የሚደነቅበት ነገር አለ። አውሮፓዊው ሰይፉን በግራ ጎኑ አንጠልጥሎ በቀኝ እጁ አሻግሮ ይመዛል፤ የኛ ሰው ግን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው። በግራ እጅ ጋሻ ይዞ ለሚዋጋ ሰው ይህ አስታጣጠቅ ምን ያህል እንደሚመች ለማወቅ ቆሞ መሞከር ይበቃል። የእጀታው ቅርጽ፣ የሰገባው ቀይ ቆዳ፣ በብርና በወርቅ የተለበጠው ጌጥ ሁሉ የባለቤቱን ማዕርግ ይናገር ነበር። ንጉሥ ለጀግና የሚሸልመው ጎራዴና ጋሻ እንደ ዛሬው ኒሻን ነበረና።

እጅጉን የሚያሳዝነኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቈረቈሩ ጀምሮ ለከተማይቱ ብረት ይቀጠቅጡ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። በወገራና በሰሜን ተራራዎችም እንደዚሁ ማረሻውንና ማጭዱን፣ ጦሩንና ሰይፉን የሚሠሩት፣ ሴቶቻቸውም ሸክላ የሚሠሩት እነርሱ ነበሩ። ሰገባውን የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር። መኳንንቱ ሰይፉን ታጥቀው ሲፎክሩ ሠሪውን «ቡዳ» እያሉ ከገበታቸው አራቁት፤ ርስት እንዳይዝም ከለከሉት። ጀርመናዊው አንጥረኛ ስሙን በኩራት ከብረቱ ላይ ሲመታ፣ የኛው ባለ እጅ ግን ስሙን ቢጽፍ ዋጋው የሚቀንስበት ይመስል ሳይፈርም አለፈ። በሀገር ከተሠሩት አሮጌ ሰይፎቻችን ላይ የሠሪ ስም የማይገኝበት ምክንያት ፊደል ጠፍቶ አይደለም። ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ነበረች።

በዚያው በጎንደር ዘመን የተሣሉትን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያየ ሰው ሊቃነ መላእክቱ ሰይፋቸውን መዘው ቆመው ያገኛቸዋል። ሠዓሊው የሰማዩን ሰይፍ ሲሥል በዓይኑ ያየውን የምድሩን ሰይፍ መምሰሉ የማይቀር ነውና፣ የእጀታና የሰገባ ታሪክ ለሚያጠና ሰው እነዚህ ግድግዳዎች እንደ መዝገብ ያገለግላሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀመጥ፣ በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የነበረውን የፈረሰኛ ጦር ትጥቅ፣ የብረት ጥሩርን ጭምር፣ በመጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። ስለ ብሩስ ጉራ ብዙ ቢባልም፣ ስለ መሣሪያ የጻፈው እንደ ጦር ሜዳ ሰው ነውና ማንበቡ አይጎዳም።

አሁን ወደ አሜሪካኖቹ ልመለስ። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አሜሪካዊ መኰንን ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ ታጥቆ የመጣው በወዳጅነት አይደለም፤ ይህንንም ከትምህርት ቤት የወጡት ሁሉ የሚያውቁት አይመስለኝም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ከሁለቱም ወገን ብዙ መኰንኖች ሥራ ፈቱ። በዚያን ጊዜ የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ሠራዊቱን በአዲስ ሥርዓት ለማደራጀትና የዓባይን ሸለቆ በሙሉ ለመያዝ ይመኝ ነበርና፣ ሃምሳ ያህል አሜሪካውያን መኰንኖችን በደመወዝ ቀጠረ። በጦር ሜዳ ሲገዳደሉ የነበሩት የሰሜንና የደቡብ ሰዎች በካይሮ በአንድ ማዕድ ተቀመጡ። የጠቅላይ መምሪያው አለቃ ቻርልስ ስቶን የሰሜኑ ወገን ጄኔራል ነበር፤ ይህ ሰው ከግብፅ ከተመለሰ በኋላ በኒው ዮርክ ወደብ ያለውን የነጻነት ሐውልት መቆሚያ በመሐንዲስነት ያሠራ ነው። ዊልያም ሎሪንግ ደግሞ የደቡቡ ወገን ጄኔራል ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ከሜክሲኮ ጋር በተደረገው ጦርነት ግራ እጁን ያጣ አሮጌ ወታደር ነበር።

ኬዲቭ እስማኤል በኢትዮጵያ ላይ ያዘመተው የመጀመሪያው ጦር በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። የጦሩ አዛዥ ዴንማርካዊው አረንድሩፕ እዚያው ወደቀ። ኬዲቩ ይህን ኀፍረት ለማጥፋት ሲል ብዙ ሺህ ሠራዊት በራቲብ ፓሻ አዛዥነት ላከ፤ ሎሪንግም የራቲብ ምክትልና የመምሪያው አለቃ ሆኖ ዘመተ። አብረውት ኮሎኔል ዊልያም ዳይና ሌሎችም አሜሪካውያን ነበሩ። ይህ ጦር ጉራዕ ላይ ምሽግ ሠርቶ ሰፈረ።

የጉራዕ ጦርነት የተደረገው በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መባቻ 1868 ዓ.ም. ነው። ራቲብ ፓሻ ከምሽጉ ሳይወጣ መከላከልን መረጠ፤ ሎሪንግ ግን ፈሪ እንዳይባል አድርጎ ነቀፈውና ከ5 ሺህ የሚበልጥ ሠራዊት ወደ ሜዳው ወጣ። ከኮረብታው ወርዶ እንደ ጎርፍ የከበባቸውን የኢትዮጵያን ሠራዊት ሊያቆሙት አልቻሉም፤ ወደ ምሽጉ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ኮሎኔል ዳይ እግሩን ቈሰለ። ጆንሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ቈስሎ ተማረከና በኋላ ተለቀቀ። ዳይና ሎሪንግ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ እያንዳንዳቸው መጽሐፍ ጻፉ፤ ሁለቱም ሽንፈቱን በግብፆች አለቆች ላይ ጣሉ። የተሸነፈ አማካሪ ልማዱ ነው።

ከጉንደትና ከጉራዕ የተገኘው ምርኮ በሀገራችን የመሣሪያ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። መድፉ አለ፤ በኒው ዮርክ ግዛት ኢሊየን በተባለው ቦታ ለግብፅ የተሠራው የረሚንግተን ጠመንጃ አለ፤ የወደቁት የግብፅ መኰንኖች ሰይፎችም አሉ። ከየአውራጃው ተጠርቶ የዘመተው ወታደር የማረከውን ይዞ ወደ የቀዬው ተበተነ። ስለዚህ በአንድ የደጋ ቤት ውስጥ እጀታው የኛ፣ ስለቱ ግን የባዕድ መኰንን የሆነ ጎራዴ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም። የባዕድ የፈረሰኛ ስለት በሀገራችን እጀታና ሰገባ መልሶ መሥራት የተለመደ ነበርና። እንዲህ ያለውን ጎራዴ «ይብራልን» ብለን በሞረድና በአሸዋ ስንፈትገው የምናጠፋው ከእጀታው ሥር ያለችውን ያችኑ ትንሽ ማኅተም ነው።

የአሜሪካ ወታደሮች በወዳጅነት የመጡት ግን በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ነው። ሮበርት ስኪነር የወዳጅነትና የንግድ ውል ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ ካፒቴን ጆርጅ ቶርፕ የሚያዛቸው የባሕር ኃይል ወታደሮች አጅበውት አዲስ አበባ ገቡ። የሚገርመው፣ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር መኰንኖች በደንብ የሚታጠቁት ሰይፍ የማምሉክ ሰይፍ የሚባለው፣ ቅርጹ ከምሥራቅ ሰዎች የተወረሰው ጎባጣ ሰይፍ ነው። መቼም ሰይፍ ከሰው ይልቅ ፓስፖርት ሳይጠየቅ ብዙ ሀገር ይዞራል።

የጎንደርን ደጋና ቈላ ለሚያጠና ሰው ሦስተኛ ዓይነት ሰይፍ ያጋጥመዋል። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደር ገቡ፤ ከተማይቱንም ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቈሰሉና ዐረፉ። በዚህ ሁሉ ጦርነት የደርቡሽ ሰይፍ በእጃችን ገብቷል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ቀጥ ያለና ሰፊ፣ በሁለት ወገን የተሳለ፣ እጀታው የመስቀል ቅርጽ ያለው መከታ ያለበት፣ ሰገባውም ወደ ጫፉ ሲደርስ እንደ ጦር አንገት ሰፋ የሚል ነው። ከሱዳን ገበያ በሰላም የተገዛም አለና፣ ይህን ሰይፍ ያየ ሁሉ «የመተማ ምርኮ» እያለ እንዳይጽፍ እለምናለሁ። የጎንደር ነጋዴ ከጦረኛው አስቀድሞ መተማን ያውቃት ነበር።

መሰብሰብ ማለት ግን ሁልጊዜ መልካም ሥራ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ወደ መቅደላ አስጫኑ። ይህ የራሳችን ዝርፊያ ነው፤ ሸፋፍነን ብንናገረው ታሪክ አይሆንም። እንግሊዞች ደግሞ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሰብረው ገቡ። የዘረፉትን በ15 ዝሆንና 200 ገደማ በሚሆን በቅሎ ጭነው ዳላንታ ሜዳ ላይ አወረዱና ሁለት ቀን ሐራጅ አሉት። ከእንግሊዝ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ የመንግሥት ገንዘብ በኪሱ ይዞ ከገዢዎቹ ፊት ቆመ። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ተገኘና ለእያንዳንዱ ወታደር አራት ብር ያህል ደረሰው። የጎንደር ጎራዴና ጋሻ፣ ዘውድና መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ ወደ እንግሊዝ ሀገር ቤቶች የተበተነው በዚህ መንገድ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጐበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም መልሰዋል፤ ከሄደው ጋር ሲነጻጸር ግን ይህ ከባሕር የተቀዳ ጽዋ ነው።

ከዚያ በኋላ የሄደው ደግሞ በዝርፊያ ሳይሆን በገንዘብ ነው። በአስመራ ቃኘው ሻለቃ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ሺህ ወታደሮች ተፈራርቀዋል። በጎንደርም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ነበሩበት፤ ከ1955 ዓ.ም. ወዲህም የሰላም ጓድ መምህራን መጡ። በትምህርትና በጤና ያደረጉት መልካም ሥራ የማይረሳ ነው። ወደ ሀገሩ የሚመለስ እንግዳ ለመታሰቢያ ጎራዴ ቢገዛም ክፋት አስቦ አይደለም፤ የሸጠውም የእኛው ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ ዛሬ በአሜሪካ ሐራጅ ቤቶች የኢትዮጵያ ሰይፍ ለሽያጭ ሲቀርብ እናያለን። ዝርዝሩ ላይ ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ የአንበሳው ቅርጽና የፋብሪካው ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የታጠቀው ሰው ስም ግን የለበትም፤ ሻጩ ለገዢው አልነገረውምና።

አሁን ሰይፍ በቤታችሁ ላለ ሰዎች የሚጠቅመውን ልናገር። በመጀመሪያ አትፈትጉት። ለስላሳ ጨርቅ በቀጭን ዘይት ነክራችሁ ብታብሱት ዝገቱ እንዳይጨምር ይበቃዋል። በባዶ እጅ ስለቱን መዳሰስ አይገባም፤ የላብ ጨው ብረት ይበላል። ብዙ ሰው ሰይፉን ከሰገባው ውስጥ ሲያስቀምጠው ያዳነው ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጎንደር ክረምት ቆዳው እርጥበት ይጠጣል፤ የተለፋበትም ነገር ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ ስለቱን ለብቻ፣ ሰገባውንም ለብቻ፣ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ማኖር ይሻላል። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ የሆነ እንደ ሆነ ከፀሐይና ከምድጃ አጠገብ አርቁት፤ ይሰነጠቃል፤ ነቀዝም ይወደዋል።

ስለ አውራሪስ ቀንድ ካነሣን፣ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የዚህ ቀንድ ንግድ ከሀገር ወደ ሀገር የተከለከለ ነው። ቅርሱ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የጥንታዊ ዕቃዎች ሕግ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለው ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድም ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ ሕግ ሰይፋችሁን ሊወስድባችሁ የወጣ አይደለም። ብዙ ሰው «ካስመዘገብሁ ይነጠቃል» ብሎ ይደብቃል፤ የደበቀውም ሲሞት ልጁ የማያውቀውን ዕቃ ለመጀመሪያው ጠያቂ ይሸጣል።

ሁለተኛው ነገር መጻፍ ነው። አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። ሰይፉ ከጫፍ እስከ እጀታ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ፣ ከስለቱ ላይ የሚነበበው ፊደል የአማርኛም ይሁን የላቲን እንዳለ፣ ስሕተቱም ሳይታረም ገልብጡት። ከዚያ በኋላ በቤተ ዘመድ መካከል በዕድሜ የገፉትን አባት ወይም እማማ ጠይቁ፤ ማን ታጠቀው? ተሸለመ፣ ተገዛ ወይስ ተማረከ? እርሳቸው ከማን ሰሙት? አንዱ ዓድዋ ሌላው ማይጨው ቢላችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑንም ጨምሩ። የጎንደር ጦርነት በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጣልያን እጅ መስጠት ሲፈጸም ሕፃን የነበሩት ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። በጥምቀት ጊዜ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ጎራዴ ታጥቆ ሲሸልልና ሲፎክር የምናየው ወጣት፣ ይህን ጥያቄ በዚያው ሳምንት አያቱን ቢጠይቅ ገና ጊዜው አላለፈበትም።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ኒውካስል በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ለሐራጅ ወጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት አቤቱታ አቀረበና ሽያጩ ቆመ። ከዚያ በኋላ በልዑል ኤርምያስ ሣህለ ሥላሴ በኩል ያለው ማኅበር ገዝቶት፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለጥቂት ወራት ለሕዝብ ከታየ በኋላ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ይህ ጋሻ ከሌላው ጋሻ ተለይቶ የታወቀው፣ የዘረፈው ወገን የመቅደላን ስምና ቀኑን ከላዩ ላይ ቀርጾበት ስለ ነበረ ነው።